ሰፊ ጎማ ከተሽከርካሪ አካል ጋር ሳይፋተግ ስለሚገጠምበት አሠራር

ለፍጥነት በተሠሩና በሌሎችም የቤት መኪናዎች ላይ ከፋብሪካው መጠን የሰፋ ጎማ መግጠም በአዲስ አበባ የተለመደ ሆኗል። ጎማው በጥንቃቄ ካልተመረጠ ከፓራፋንጎ፣ ከአሞርዛተር ወይም ከፍሬን ቱቦ ጋር ይፋተጋል። እንደ ቀበና ባሉ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኙ ዳገታማ አካባቢዎች ይህ ጉድለት የሰው ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

የጎማ መጠን አነባበብ

በጎማው ጎን ላይ 195/65R15 ተብሎ ሲጻፍ 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ያለው መቶኛ፣ R የጎማው አሠራር ራዲያል መሆኑን፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። በዚህ ስሌት የጎማው አጠቃላይ ዲያሜትር 634.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

የቶዮታ ኮሮላ ባለንብረት ይህን መጠን በ205/55R16 ቢተካው ዲያሜትሩ 632 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ አይበልጥም። በአንጻሩ 215/65R15 ቢገጥም ዲያሜትሩ ወደ 660.5 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ጎማው ወደ ፓራፋንጎው በ13 ሚሊ ሜትር ይቀርባል፤ የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ ከ83 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት ይጓዛል። ስለዚህ ስፋት ሲጨመር የጎኑን ከፍታ ቀንሶ አጠቃላይ ዲያሜትሩን ከፋብሪካው ጋር ማቀራረብ ተመራጭ ነው። አዲሱ ጎማ የሚሸከመው ክብደትና የሚፈቅደው ፍጥነትም ከፋብሪካው ማነስ የለበትም።

የቸርኬ ስፋትና አቀማመጥ

ብዙ ጊዜ ፍትጊያ የሚያመጣው ከጎማው ይልቅ ቸርኬው ነው። ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ከቸርኬው መሐል ያለው ርቀት ኦፍሴት ይባላል። ኦፍሴቱ ሳይለወጥ ከ6.5 ወደ 7.5 ኢንች የሰፋ ቸርኬ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም 12.7 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ኦፍሴቱ በተጨማሪ ከ45 ወደ 35 ቢቀነስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጭማሪው በውጭ በኩል 22.7፣ በውስጥ በኩል 2.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በመሆኑም በውስጥ በኩል ከአሞርዛተሩና ከፍሬን ቱቦው፣ በውጭ በኩል ከፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ክፍተት ከግዢ በፊት መለካት አለበት።

በዳገትና በቁልቁለት

አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ተርቦ የሌላቸው ሞተሮች ጉልበታቸው ይቀንሳል። ዲያሜትሩ የጨመረ ጎማ ደግሞ የመኪናውን የመሳብ ኃይል ይቀንሳል። ከቀበና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣ አሽከርካሪ ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል።

ትልቁ ሥጋት ግን በመልስ ጉዞው ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ያዘነብላል፤ ሞላው ይታመቃል፤ ጎማውም ወደ ፓራፋንጎው ይጠጋል። በዚያው ቅጽበት መሪው በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከተጠማዘዘ ክፍተቱ እጅግ ይጠባል። ባዶውን በጎሚስታ ደጃፍ ሲታይ ምንም የማይነካ ጎማ አምስት ሰው ተጭኖ ሲወርድ የሚፋተገው በዚህ ምክንያት ነው። ሞላቸው ተቆርጦ ዝቅ የተደረጉ መኪናዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ፍትሻ

ጎማው ከተገጠመ በኋላ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማዞር ክፍተቱን በሁሉም አቅጣጫ መመልከት ያስፈልጋል። በመቀጠል የጎማው ትከሻ በጠመኔ ተቀብቶ፣ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ፣ በሜዳማና ጭር ባለ ሥፍራ በዝግታ በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ይነዳል። ጠመኔው የተፋቀበት ቦታ ፍትጊያው ያለበትን ያመለክታል። የፍሬን ቱቦ ላይ ምልክት ከታየ መኪናው ከዚያ ወዲያ መነዳት የለበትም።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ መፍትሔዎች

የፓራፋንጎን ጠርዝ መቀጥቀጥ ቀለሙን ስለሚሰነጥቅ በክረምት ዝገት ያስከትላል። በሞዞና በቸርኬ መካከል ማራቂያ መጨመር የውስጡን ፍትጊያ ቢያስቀርም የውጩን ያባብሳል፤ በኩሽኔታው ላይ ጫና ይጨምራል፤ ዳዶው የሚይዘው የቡሎን ርዝመትም ያጥራል። አስተማማኙ መፍትሔ በመጠኑ የሚስማማ ጎማና ቸርኬ መምረጥ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዱ መኪናዎች የአራቱም ጎማዎች ዲያሜትር እኩል መሆን ይኖርበታል።

ዓመታዊ ምርመራ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ይሁንና ምርመራው የዓመቱን አንድ ቀን ብቻ የሚያሳይ በመሆኑ ባለንብረቱ ከእያንዳንዱ የጎማ ለውጥ በኋላ መኪናውን በሠለጠነ መካኒክ ማስፈተሽ ይጠበቅበታል። በጎማው ጎን የተቆረጠ ወይም የተላጠ መስመር ከታየ ጎማው ድንገት ሊፈነዳ ስለሚችል ሳይዘገይ መለወጥ ይኖርበታል።