ወደኋላ የሄደው ሰዓት

ግንቦት 1997 ዓ.ም. አገሩ ስለ ምርጫው ውጤት ሲነጋገር፣ በሌላኛው የዓለም ጫፍ ኤኤምዲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «አትሎን 64 ኤክስ2»ን ለገበያ አቀረበ። በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት ኮር፣ ማለትም ራሳቸውን የቻሉ ሁለት የስሌት ክፍሎች፣ የያዘ ፕሮሰሰር ነበር። ተፎካካሪው ኢንቴልም በዚያው ሰሞን የራሱን ባለ ሁለት ኮር ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ 20 ዓመት አለፈ።

ሁለቱ ኮሮች ያስነሡት የሰዓት ጠብ ሥሩ ግን ከዚያ በፊት የተተከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢንቴል ፔንቲየምን ሲያወጣ ውስጡ አንድ ባለ 64 ቢት ቆጣሪ አኖረ። ኮምፒውተሩ ከተነሣ ጀምሮ የፕሮሰሰሩን ምት አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ በ2 ጊጋኸርዝ በሚሠራ ማሽን በሰከንድ 2 ቢሊዮን መሆኑ ነው። ማንበቡ በጣም ፈጣን ስለሆነ ፕሮግራመሮች፣ በተለይ የጌም ሠሪዎች፣ ቆጣሪውን ሰዓት አደረጉት።

አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ሳለ ማንም አልተጎዳም። ኮሮቹ ሁለት ሲሆኑ ግን ቆጣሪውም ሁለት ሆነ። ሥራ የፈታው ኮር ኃይል ለመቆጠብ ሲያሸልብ ቆጣሪው አብሮት ያዘግማል፤ ሌላው ይሮጣል። አንዱ ኮር ላይ የተጀመረ ሥራ ወደ ሁለተኛው ሲዛወር፣ ከቡሬ በ3 ሰዓት የተነሣ መንገደኛ ሽንዲ ሲደርስ የግድግዳው ሰዓት 2፡50 እንዳለው ያህል ነው። ጌሞች ውስጥ ገጸ ባሕርያት ይዘሉ፣ ይደነብሩ፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ ይፈጥኑ ጀመር።

ጥፋቱ የማን ነው?

ኤኤምዲ የሁለቱን ቆጣሪዎች ልዩነት የሚያስተካክል አነስተኛ ፕሮግራም ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች አወጣ። ማብራሪያው ግን ጣቱን የቀሰረው የዊንዶውስን ደንበኛ በር ትተው በቀጥታ ወደ ቆጣሪው በሚሄዱ ፕሮግራሞች ላይ ነበር። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 የጌም ሠሪዎችን ቆጣሪውን በቀጥታ አታንብቡ ሲል መከረ። ለሁለቱም ኩባንያዎች የሚመች ትረካ ነው። የሚያስቸግረው በደንበኛው በር የገቡትም መመታታቸው ነው፤ ባለ ብዙ ፕሮሰሰር ማሽን ላይ ዊንዶውስ ኤክስፒ ራሱ ጊዜ የሚጠይቀው ያንኑ ቆጣሪ ነበርና። ማሽኑ ሲነሣ ሌላ ሰዓት እንዲጠቀም የሚያዝ አንድ ቃል በእጅ መጻፍ የግድ ሆነ። ፕሮግራመሩን ብቻ መውቀስ እንግዲህ አያስኬድም።

ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ማንንም ሳያምን መፈተኑን መረጠ። ሀንጋሪያዊው ኢንጎ ሞልናር እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፈው ፈተና ሁለት ኮሮችን በአንድ ቁልፍ እየተፈራረቁ ቆጣሪያቸውን ያስነብባቸዋል። ኋላ ያነበበው ከፊተኛው ያነሰ ቁጥር ካገኘ ቆጣሪው ከሰዓትነት ይሻራል። ተተኪው ብዙ ጊዜ በሰከንድ 3.58 ሚሊዮን ጊዜ የሚቆጥር፣ ሲጠየቅ የሚዘገይ ሌላ ሰዓት ነበር፤ ታማኝ ቢሆንም ሥራ ለሚበዛበት ማሽን ሸክም ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሞዴል ቁጥር ዝርዝር ነው። ኤኤምዲ በ2007፣ ኢንቴል በ2008 እ.ኤ.አ. ኮሩ ቢያሸልብም እኩል የሚቆጥር ቆጣሪ አመጡ።

ስልክ ሠሪዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። በሽንዲ ገበያ የበርበሬ ሂሳብ በቴሌብር የሚከፈልባቸው ባለ ስምንት ኮር ስልኮች፣ አርም በተባለው ኩባንያ ንድፍ የተሠሩ እስከሆኑ ድረስ፣ ኮሮቻቸው ሁሉ ጊዜ የሚያነቡት ከአንድ የጋራ ቆጣሪ ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ በሰከንድ 19.2 ሚሊዮን ጊዜ ይቆጥራል።