ለአንድ ሱቅ ሁለት ወረቀት

ቤት የሚያከራይ ሰው አለ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚወስን ደግሞ ሌላ አካል አለ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከጆሃንስበርግ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከቦክስበርግ ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው የቮስሎሩስ ሎኬሽን ስፓዛ ሱቅ ለከፈተ ሰው የዓመታት ልፋቱ መትረፉ ወይም በአንድ ቀን መታሸጉ የተንጠለጠለው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ኪራዩን በየወሩ ሳያጓድል የከፈለ ነጋዴ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ የቦታውን የንግድ ፈቃድ ሲጠይቀው የሚያሳየው ሊያጣ ይችላል። ይህ ችግር ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሠፈሩን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ቮስሎሩስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት ስቲርተንቪል በሚባለው ሠፈር ይኖሩ የነበሩትን ጥቁሮች ለነጮቹ ከተማ እጅግ ቀርበዋል በሚል ምክንያት አንሥቶ ወደዚህ አዛወራቸው። የለቀቁትን ቦታ ለክልሶች ሰጥቶ ስሙን ሬይገር ፓርክ አለው። አዲሶቹ የቮስሎሩስ ነዋሪዎች የተሰጣቸው የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አልነበረም። በ1963 የወጣው የመንግሥት መመሪያ ደግሞ የሎኬሽን ነጋዴ ከአንድ በላይ ሱቅ እንዳይኖረው፣ ለዕለት ፍጆታ ከሚያስፈልጉ ነገሮች በስተቀር እንዳይሸጥ፣ ሽርክናም ሆነ ኩባንያ እንዳያቋቁም ከለከለ። በ1968 ቀድሞ የነበረው የ30 ዓመት የቤት ይዞታ መብት ጭምር ተሻረ። በዚህም መሠረት ጥቁሩ ነጋዴ ቦታውም የራሱ አልነበረም፤ ሥራውም የተፈቀደለት ለዓይን ያህል ብቻ ነበር።

ስፓዛ የሚለው ስም የተወለደው በዚህ ዘመን ከነበረው ኑሮ ነው። ቃሉ በሎኬሽን አነጋገር የተሸፈነ፣ የተደበቀ የሚል ፍቺ እንዳለው ይነገራል። ሰዎች በጓሮና በሳሎን ስኳርና ዳቦ፣ ሻማና ሳሙና ይሸጡ ነበር። በይፋ ይሠሩ የነበሩት ነጋዴዎች በበኩላቸው በ1964 የንግድ ምክር ቤት አቋቁመው ነበር። ይህ ናፍኮክ በሚል ስም የታወቀው ማኅበር ከ1968 እስከ 1992 በሳም ሞትሱዌንያኔ መሪነት እገዳው እንዲነሣ ሲወተውት ቆየ። መንግሥት ይበልጥ የተለሳለሰው ግን ሰኔ 1976 ሶዌቶ ከተነሣች በኋላ ነው። በ1978 የ99 ዓመት ሊዝ ተፈቀደ። በ1991 የዘር የመሬት ሕጎች ተሽረው ሊዙ ወደ ሙሉ ባለቤትነት እንዲለወጥ የሚያስችል ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ አብዛኛውን ንግድ ከፈቃድ ግዴታ ነፃ አደረገ። ባለቤትነቱ በዚህ መንገድ ተገኘ፤ የቦታው አጠቃቀም ግን ከማዘጋጃ ቤቱ እጅ አልወጣም።

የሁለት ወረቀት ነገር በሎኬሽን ብቻ ያለ አይደለም። ከኬፕታውን በስተሰሜን በሚገኘው የሳልዳንያ ባሕረ ሰላጤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ መስል የሚባለውን ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ የሚያረቡ ሰዎች አሉ። በኢትዮጵያውያን ገበታ የማይታወቅ ምግብ ቢሆንም አሠራሩ ትምህርት አለው። ገበሬው በውሃ ላይ ከሚንሳፈፍ ነገር ገመድ ያንጠለጥላል፤ መስሉም በገመዱ ላይ ተጣብቆ ለወራት ያድጋል። ባሕሩን ሊገዛው አይችልም። በ1935 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ ባሕሩንና ዳርቻውን የመንግሥት አድርጎ ነበር፤ የ2008ቱ ሕግ ደግሞ የሕዝብ ሀብት ነው፣ መንግሥት በአደራ ይይዘዋል አለ። ስለዚህ በወደቡ ክልል ውስጥ የሚያረባ ሰው የውሃውን ቦታ ከወደቦች ባለሥልጣን ይከራያል፤ የማርባቱን ፈቃድ ደግሞ ከዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ያወጣል። ኪራይ ኖሮት ፈቃድ የሌለው ገመዱን አይጥልም፤ ፈቃድ ኖሮት ኪራይ የሌለው የሚጥልበት ውሃ የለውም።

ከዚህ በተጨማሪ የአካባቢ ጥናት ማቅረብ ግድ ነበር። ለአነስተኛ ገበሬ ይህ ወጪ ከአቅም በላይ ነው። በመሆኑም መንግሥት ጥናቱን ለመላው አካባቢ አንድ ጊዜ አስጠንቶ በጥር 2018 የባሕረ ሰላጤውን የተወሰኑ ክፍሎች ለእርባታ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክልል የሚገባ አነስተኛ አርቢ ለብቻው ያን ጥናት ማስጠናት አያስፈልገውም።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 ተከትሎ፣ ቦታን ለዘመን መያዝና በቦታው ላይ በፕላኑ መሠረት መሥራት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በሰው አገር ሲሆን ግን ይህን የሚያውቀውም ሰው ይዘነጋዋል።

በደቡብ አፍሪካ የስደተኛው የመሥራት መብት በፍርድ ቤት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሊምፖፖ ፖሊስ ሃርድስቲክ በተባለ ዘመቻ በመቶ የሚቆጠሩ የስደተኛ ሱቆችን ዘጋ። የሶማሌና የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ማኅበራት ተከራክረው መስከረም 2014 የአገሪቱ የበላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የንግድ ፈቃድ ጠይቀው ስፓዛ መሥራት እንደሚችሉ ፈረደ። ታላቅ ድል ነበር። ነገር ግን ፍርዱ ከፈቃድ ነፃ አላወጣም፤ ፈቃድ የመጠየቅን በር ነው የከፈተው።

በ2024 ነገሩ ጠበቀ። በጥቅምት ወር በሶዌቶ ናሌዲ 6 ሕፃናት ተመርዘው ሞቱ፤ ምርመራውም ተርቡፎስ የተባለ የተባይ መርዝ መሆኑን አመለከተ። ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ኅዳር 15 ቀን 2024 የምግብ መሸጫዎች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ጊዜው በኋላ እስከ የካቲት 28 ቀን 2025 ተራዘመ። ምዝገባው የነጋዴውን መታወቂያ ብቻ ሳይሆን ቦታው ለንግድ የተፈቀደ መሆኑንና የጤና መስፈርት ማሟላቱንም ይጠይቃል።

ችግሩ ጎልቶ የወጣው እዚህ ላይ ነው። የሎኬሽን ቦታ በአብዛኛው ለመኖሪያ የተመደበ ነው። ጋራዡን ያከራየው ባለቤት አጠቃቀሙን በራሱ ሥልጣን ሊለውጥ አይችልም፤ ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ አለበት። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ተከራዩ ሊያቀርብ ቢፈልግ የባለቤቱ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። የቤቱ ካርታ በሞቱ ወላጆች ስም ቀርቶ ወራሾች ያልተስማሙ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይቆለፋል። ለሳልዳንያ አርቢ የባሕሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ሕግ ነግሮታል፤ የቮስሎሩስ ባለሱቅ ግን የቤቱን ባለቤት ራሱ ማጣራት ይኖርበታል።

የስቲርተንቪል ሰዎች ከቤታቸው ሲነሡ የሚከራከሩበት ወረቀት ሕጉ ራሱ ነፍጓቸው ነበር። የዛሬው ባለሱቅ ወረቀቱን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ለዕቃ ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ ካርታው በማን ስም እንደሆነ ማየት፣ የኪራይ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ፣ ባለቤቱ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ እንዲያቀርብ ወይም በጽሑፍ እንዲስማማ በውሉ ውስጥ ማስገባት ይገባዋል። አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። የቮስሎሩስ ታሪክም የሚመክረው ይህንኑ ነው።