የጅማ መስኮትና መጋረጃው

የአንድ አገር ሕዝብ ቤቱን በምን አኳኋን እንደ ሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ጣራውንና ግድግዳውን ይመለከታል፤ መስኮቱን ግን እምብዛም አይመረምርም። በመስኮቱ ላይ የሚሰቀለውን ጨርቅማ የታሪክ ጉዳይ ነው ብሎ የሚቈጥር ከቶ የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ፣ የመስኮት ነገር ቀላል ነገር አይደለም። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው 1,700 ሜትር ያህል፣ የዓመቱም ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ መስኮቱ ተዘግቶ የሚከርም ቤት ይሻግታል፣ ልብሱም በሣጥን ውስጥ ይሸብታል። መስኮቱ ተከፍቶ የሚያድር ቤት ደግሞ ዝናብ፣ ትንኝና የመንገደኛ ዐይን ይገባበታል። እንግዲህ የጅማ ባለቤት በመስኮቱ ላይ ምን ልስቀል ብሎ ሲጨነቅ ከንቱ ጌጥ ፈልጎ ብቻ አይደለም።

በጥንት ጊዜ ይህ ጭንቀት አልነበረም፤ መስኮት አልነበረምና ነው። የገበሬው ቤት ክብ ሆኖ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ እንጨት፣ ክዳኑም ሣር ነበረ። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ጢሱ በሣሩ መካከል እየተንጠፈጠፈ ይወጣል፤ ሲወጣም ክዳኑን ያደርቀዋል፣ ነቀዙንም ያባርራል። ይህን ቤት ጨለማ ነው ብሎ መንቀፍ ይቻላል፤ ለዐይንም ለሳንባም የማይመች መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ለሣር ክዳን የሚሻለው ይኸው ነበር።

መጋረጃ ግን ከመስኮት በፊት በአገራችን የታወቀ ነው። ግእዙ «መንጦላዕት» ይለዋል፤ በቤተ ክርስቲያንም መቅደሱን ከሕዝቡ የሚለየው እርሱ ነው። በቤተ መንግሥትም ግብር በሚገባበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመገቡ በመጋረጃ ይጋረዱ ነበር፤ ምግቡ ሲያበቃ መጋረጃው ተገልጦ አዳራሹን የሞላው ሰው ያያቸዋል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የመጋረጃ የመጀመሪያ ሥራ ፀሐይን መከላከል ሳይሆን ክብርን ከዐይን መሰወር ነበረ። የጥንቱ መስኮት በበኩሉ ጨርቅ የሚሻ አልነበረም። በላስታ የሚገኘውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው መስኮቶቹ በተፈለፈለ እንጨት እንደ መረብ ተሠርተው፣ ብርሃኑንና ነፋሱን እያሳለፉ ዐይንን እንደሚያግዱ ያስታውሳል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ቢይዘው መልካም ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በጅማ አገር መስኮት ከፍ ባለ ማዕርግ የታየው በጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ፎቅ ያለው፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ዙሪያውን ሰፊ ሰገነት የከበበው ቤት ነው። መስኮቶቹ የሚዘጉት በጣውላ መዝጊያ ነው። ከሁሉ የሚደነቀው ግን መዝጊያው ሳይሆን ሰገነቱ ነው። የጣራው ክንፍ ወደ ውጭ በሰፊው ስለ ተዘረጋ ዝናቡ መስኮቱን አያገኘውም፤ ስለዚህ በክረምት ልብ እንኳ መስኮቱን ከፍቶ መቀመጥ ይቻላል። ፀሐይዋም በቀጥታ አትገባም። በዚያ ቤት መጋረጃ ቢሰቀል ለማዕርግ ወይም ለእልፍኝ ገመና እንጂ ለአየሩ ጠባይ አያስፈልግም ነበር። ዛሬ በከተማው ውስጥ የሚሠሩት ቤቶች ከዚህ ቤት ይህን አንዱን ብልኀት እንኳ አለመውረሳቸው ያሳዝናል።

ከኮረብታው በታች የነበረው የሂርማታ ገበያ፣ ኋላ የዛሬዋ ጅማ የሆነው፣ ከሩቅ አገር ነጋዴዎችን ይስብ ነበር። ቡና፣ ዝባድና ቆዳ ይወጣል፤ አሞሌ፣ ማርትሬዛ ብርና ጨርቅ ይገባል። ከሚገባውም ጨርቅ ዋነኛው አሜሪካን አገር የሚሠራው አቡጀዲድ ነበረ። በከተማው የመጀመሪያዎቹ ተራ መጋረጃዎች አቡጀዲድ ቢሆኑ አይገርምም፤ ርካሽ፣ ጠንካራ፣ ሲታጠብም የሚነጣ ጨርቅ ነውና። መስተዋት ግን ብዙ ዘገየ። የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ. ም. ነው፤ ከዚያ እስከ ጅማ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ዕቃ የሚያቋርጠው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነበረ። የጊቤን ገደል በበቅሎ የወረደና የወጣ መስተዋት ስንቱ ደኅና እንደሚደርስ አንባቢ ይገምተው።

ነገሩ የተለወጠው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ኢጣልያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መናገሻ ስላደረጓት፣ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ. ም. ከተማዪቱ ነጻ እስክትወጣ ድረስ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰፊ ጎዳናዎችን ቀደው ብዙ የመሥሪያ ቤትና የመኖሪያ ሕንፃ አቆሙ። ግፋቸውን ማንም አይረሳም፤ የቤት አሠራራቸው ግን ከእነርሱ በኋላ የቀረ ዕቃ ስለ ሆነ ልንመረምረው ይገባል። ከመስኮቶቻቸው ጋር ያመጡት «ፐርሲያና» የሚሉትን መዝጊያ ነው። ይህም በእንጨት ማዕቀፍ ውስጥ ስስ ጣውላዎች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተዘንብለው በመደዳ የተሰኩበት ነው። ጣውላው ወደ ውጭ ስላዘነበለ ዝናቡ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ በየመካከሉ ክፍተት ስላለ ነፋስ ይገባል፤ ውስጥ ያለው ሰው ውጭውን ያያል፣ ውጭ ያለው ግን ውስጡን አያይም። እነሆ፣ የይምርሐነ ክርስቶስ መስኮት ከብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ የሠራውን ሥራ ነው። ከፈረንጅ የተማርነው አዲስ ጥበብ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ከነጻነት በኋላ ፐርሲያናውን ያበዛው ቡናው ነው። በ1945 ዓ. ም. የብራዚልን ቡና ውርጭ በመታው ጊዜ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ናረ። በቡና ከተሞቻችንም የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ እየተለወጠ ሄደ። ቆርቆሮ በቀን ይግላል፣ ጢስም አያሳልፍም፤ ስለዚህ ቆርቆሮ የመታ ሰው መስኮት ማውጣት ግድ ይሆንበታል። መስኮት ካወጣ ደግሞ መዝጊያ፣ መዝጊያ ካለውም መጋረጃ ይፈልጋል። የአገሩ አናጢዎች ድሮም በበርጩማቸው የታወቁ ስለ ነበሩ፣ ፐርሲያናውን ከዋንዛ እንጨት መሥራት አላስቸገራቸውም።

በዚህ ዘመን መጋረጃ ከቤተ መንግሥት ወርዶ የእያንዳንዱ ሰው ሆነ። በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር አስተማሪ ወይም ጸሐፊ አልጋውን ከእንግዳ የሚሰውረው በሁለት ምስማር መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ በሰቀለው ጨርቅ ነው። ንጉሥ ሲመገቡ የሚጋረዱበት ዕቃ የደመወዝተኛውን አልጋ ይጋርድ ጀመር ማለት ነው። በመስኮቱ በኩል ደግሞ የቤት እመቤቶች በኪሮሽ የሚሠሩት ነጭ ዳንቴል ገባ። እርሱ ብርሃንንም ነፋስንም አይከለክልም፤ ዐይንን ብቻ ያታልላል። በቀን ከውስጥ ወደ ውጭ ያሳያል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ አያሳይም፤ ማታ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ስለሚገለበጥ ያን ጊዜ ፐርሲያናው ይዘጋል። እነዚህ ሁለቱ፣ የውጩ እንጨትና የውስጡ ስስ ጨርቅ፣ በአንድነት ሲሆኑ ለጅማ አየር ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም። የቡና መፈልፈያ በሚሠራበት ወራት ገለባው እንደ ጉም ሲነሣ ዳንቴሉ ይጠቁር ነበር፤ ነገር ግን በቀላሉ ይታጠባል። ለመስቀል፣ ለፋሲካና ለዒድ መጋረጃ አጥቦ መስቀልም የቤቱ ወግ ሆነ።

የፐርሲያናው ውድቀት በአንድ ቀን አልመጣም። በሐምሌ 1967 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ሆኑ። ኪራዩ ጥቂት ነበርና ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ተከራዩም የእርሱ ላልሆነ ቤት ጣውላ አይገዛም። አንድ ጣውላ ሲወልቅ በካርቶን ይደፈናል፣ ሁለተኛው ሲወልቅ መዝጊያው በምስማር ይመታል፤ በምስማር የተመታ መዝጊያም ከዚያ በኋላ ግድግዳ ነው። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የደን አዋጅ ደግሞ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቊረጥን ከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ደኑ እያለቀ ነበርና። ነገር ግን አዲስ ቤት ሠሪው ከእንጨት ወደ ላሜራ፣ በቅርቡም ወደ አሉሚኒየም ተሻገረ። አሁን ያለው መስኮት ሰፊ መስተዋት ሆኖ የሚከፈተው በከፊል ብቻ ነው። ሰፊ መስተዋት ሰፊ ገመና ስለሚያጋልጥ፣ ባለቤቱ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ ወፍራም የከፋይ መጋረጃ ይገዛና ቀኑን ሙሉ ዘግቶት ይውላል። ከዚያም በእኩለ ቀን አምፖል ያበራል! ብርሃን ለማስገባት በመስተዋት ገንዘብ አውጥቶ፣ ብርሃኑን ለመከልከል በከፋይ ሁለተኛ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠይቄ «ወጉ ነው» ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁም። ከፋይ በደረቅ አገር የሚያምር ጨርቅ መሆኑን አልክድም። በጅማ ክረምት ግን ርጥበት ይጠጣል፣ በጀርባው ሻጋታ ያበቅላል፤ ክብደቱ ታጥቦ ለመድረቅ ስለማይመች ከዓመት እስከ ዓመት ሳይወርድ ይኖራል።

ከዚህ የሚከፋ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ወባ ነው። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1959 ተቋቁሞ ቤት ለቤት ዲዲቲ ይረጭ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። የመጀመሪያው የግልገል ጊቤ ግድብ በ1996 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጅማ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ በሐይቁ አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ ታውቋል። በአርባ ምንጭ አካባቢ ተደርጎ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በርና መስኮታቸው በወንፊት ሽቦ በተሸፈነ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው የወባ ትንኝ ካልተሸፈኑት ይልቅ በ40 በመቶ ያህል እንደሚያንስ አሳይቷል። መጋረጃ፣ ከፋይም ቢሆን ዳንቴል፣ ትንኝን አያግድም፤ እንዲያውም ወፍራሙ መጋረጃ በእጥፋቱ ውስጥ ለትንኝ ጥላ ይሰጠዋል። ፐርሲያናም ብቻውን አያግድም። ከፐርሲያናው በስተውስጥ ወንፊት ሽቦ ቢወጠር ግን ነፋሱ ሳይቋረጥ መስኮቱ ሌሊት ሊከፈት ይችላል፤ ወጪውም ቢሆን ወፍራም መጋረጃ ለመግዛት ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

በባለፈው ዓመት በአጋሮ ከአንድ ግቢ በር ላይ ቆሜ ነበር። ቤቱ በአሉሚኒየም እየታደሰ ስለ ነበር ስምንት ያህል አሮጌ ፐርሲያናዎች ወልቀዋል። ባለቤቱን ምን ሊያደርጉባቸው እንዳሰቡ ብጠይቃቸው፣ ወደ ጓሮ ይዘውኝ ሄዱ። ፐርሲያናዎቹ በአራት አራት እግር ላይ ተጋድመው፣ ጆንያ ተነጥፎባቸው፣ ቀይ ቡና ተሰጥቶባቸዋል። «ከሥር ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል፤ አይሻግትም» አሉኝ።