በልክ የተሠራ ማዳመጫና የወል ማዳመጫ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ደቅ የሚሻገር ሰው በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ያገኛል። ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው የመቅደሷን ሥዕል ነው፤ እኛ ግን በዚህ ጥናት የምንነሣው ከሥዕሉ ሳይሆን ከቅኔ ማኅሌቱ ነው። በበዓል ቀን ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መሪጌታው ይመራል፥ ቀኝጌታና ግራጌታ በየወገናቸው ያስከትላሉ፥ ከበሮው ይመታል፥ ጸናጽሉም ይከተላል። ይህ አቋቋም የማዕርግ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የመስማትም ሥርዓት ይመስለናል። እያንዳንዱ የጎኑን ሰው በጆሮው፥ የፊቱን ሰው በጆሮውም በዓይኑም እየተከተለ የራሱን ድምፅ ከሌሎቹ ጋራ ያስማማል። ክቡ ቤተ ክርስቲያንም ድምፁን እየመለሰ ያግዘዋል።

ከሐይቁ ማዶ በከተማ፥ በምሽት ቤት የሚዘፍን ሰው ይህ ዕድል የለውም። ድምፅ ማጉያው ከጎኑ ይጮኻል። ራሱን ለመስማት ሲል ወደ እርሱ የዞረ ሌላ ማጉያ ያስጨምራል፤ ከበሮ መቺውም በበኩሉ ያስጨምራል፤ ማይክሮፎኑ ማፏጨት ይጀምራል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ሁሉም ይጮኻል፥ የሚሰማ ግን የለም። ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣው ሙዚቀኞች «ኢን ኢር ሞኒተር» የሚሉት፥ እኛ ባጭሩ «ማዳመጫ» የምንለው፥ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ መሣሪያ ነው። ዐይነቱም ሁለት ነው። አንደኛው በአንድ ሰው ጆሮ ልክ ተቀርጾ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛው ጫፉ ላይ ጎማ ወይም ስፖንጅ ተደርጎበት ለማንም እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። ልብስ ሰፊ ለክቶ የሰፋውና ከሱቅ ተሰቅሎ የሚገኘው ልብስ እንደሚለያዩ ማለት ነው። ዘፋኙ የትኛውን ይምረጥ? ጥያቄው የመሣሪያ ሻጭ ጥያቄ ቢመስልም በሙዚቃችን ታሪክ ውስጥ ሥር ያለው ነው።

አዝማሪ መሰንቆውን የሚቃኘው በማን ነው? በራሱ ጉሮሮ ነው። አንዲቱ የፈረስ ጭራ ክር ዛሬ ትወጠራለች፥ ነገ ደክሞት ድምፁ ከወረደ ትላላለች፤ ሴት አብራው የምትዘፍን ከሆነ ደግሞ ለእርስዋ ድምፅ ትቃኛለች። በገና ደርዳሪም 10ሩን አውታር ከድምፁ ጋራ እያስማማ ይቃኛል፤ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ያለችውን እንዚራ፥ ያችን ትንሽ ጠፍር፥ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ነዛሪውን ድምፅ ለጆሮው እስኪጥመው ድረስ ያበጃል። ስለዚህ ቅኝቱ፥ በዛሬው አነጋገር፥ በልክ የተሠራ ነበር። መሣሪያውም የባለቤቱ ነበር፤ ከባለቤቱ ጋራ ይሄዳል፥ ከባለቤቱ ጋራ ይመለሳል።

ይህ ልማድ በሰፊው ከሌላ ልማድ ጋራ የተገናኘው በ1916 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን ሙዚቀኞች፥ «አርባ ልጆች» የተባሉት፥ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ አዲስ አበባ ገቡ። የናስ መሣሪያ ፋብሪካ የቀረጸው ስለሆነ ድምፁ ለነፊው ጉሮሮ አይታጠፍም፤ ዘፋኙ ነው ወደ እርሱ የሚመጣው። (በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተደረገው ስብሰባ መነሻውን ድምፅ በሴኮንድ 440 ንዝረት እንዲሆን ሲስማማ፥ የዓለም መሣሪያ ሁሉ አንድ ልክ እንዲይዝ ማሰቡ ነበር።) ከዚያ በኋላ በክቡር ዘበኛ፥ በፖሊስ ሠራዊትና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ የተነሡት የሙዚቃ ክፍሎች በዚሁ መንገድ ሄዱ። መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ተጫዋቹ ቢሄድ ሌላ ተጫዋች ይይዘዋል። እንግዲህ የወል ልክ ወደ ሙዚቃችን የገባው ከመሥሪያ ቤት ጋራ ነው፤ ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፥ ኋላ እንመለስበታለንና።

የማዳመጫው ታሪክ ከዚህ ያጠረ ነው። በጆሮ ልክ መቅረጽ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በሚደረገው መሣሪያ ቀድሞ የታወቀ ጥበብ ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ኤቲሞቲክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ኢአር-4 የተባለውን፥ ለማንም የሚሆንና ጠልቆ የሚገባ ማዳመጫ አወጣ። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቫን ሄለን ባንድ የድምፅ ባለሙያ የነበረው ጄሪ ሃርቪ ለከበሮ መቺው ለአሌክስ ቫን ሄለን በልክ የተሠራ ማዳመጫ አበጀለት፤ አልቲሜት ኢርስ የተባለው ድርጅት የተወለደውም ከዚህ ነው። ምክንያቱ የድምፅ ጥራት ፍለጋ ብቻ እንዳልነበረ ከበሮ አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ጆሮው እንግባ። የጎልማሳ ሰው የጆሮ ቦይ ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ቀጥ ያለም አይደለም፥ ይጠማዘዛል። የውጭው ሲሶ ልም አጥንት ስለሆነ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ይንቀሳቀሳል፤ የውስጡ ክፍል አጥንት ነው፥ አይንቀሳቀስም። የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እንኳ እኩል አይደሉም። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ መገጠም ነው። ማዳመጫው ቦይውን አጥብቆ ካልዘጋ ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ሾልኮ ይጠፋል፥ የውጭው ጩኸትም ይገባል። ዘፋኙ «ባሱ የለም» ይላል፤ ያስጨምራል፤ እንደገና ያስጨምራል። መሣሪያው ጆሮ ሊያድን ገብቶ ጆሮ ማጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ምክር መሠረት 85 ዴሲቤል ድምፅን 8 ሰዓት መስማት የመጨረሻው ወሰን ነው፤ በየ3ቱ ዴሲቤል ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የአንድ አዝማሪ ቤት ሌሊት ስንት 15 ደቂቃ እንዳለው አንባቢ ራሱ ያስላው። በጩኸት የጠፋ የውስጥ ጆሮ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

በልክ የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለሙያው ከታምቡሩ በፊት ትንሽ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ያኖራል፤ ከዚያ በኋላ ለስላሳ ሲልኮን በቦይው ውስጥ ይሞላል፤ በጥቂት ደቂቃ ሲጠነክር ስቦ ያወጣዋል። ያ ቅርፅ ወደ ሠሪው ይላካል። የታወቁት ሠሪዎች በውጭ አገር ስለሆኑ ሳምንታት መጠበቅ አለ፤ ሳይገጥም የመጣ እንደሆነም ተመልሶ መላክ አለ። ከገጠመ ግን ዘፋኙ ቢዘል፥ እስክስታ ቢወርድ፥ ላቡ ቢወርድ ከቦታው አይነቃነቅም። ጉድለቱ ሁለት ነው ብለን እናምናለን፤ ዋጋው የወል ማዳመጫን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን መቻሉና ከባለቤቱ በቀር ለማንም አለመሆኑ። ወጣት የሆነ እንደሆነ ደግሞ ጆሮው ገና ስለሚያድግ ዛሬ የተሠራው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሊላላው ይችላል።

የወሉን ማዳመጫ ብዙ ሰው የሚንቀው በአብሮት የመጣውን መካከለኛ ጎማ ሰክቶ «አልሆነኝም» ስለሚል ነው። ይህ የጫማ ቁጥር ሳይጠይቁ ጫማውን እንደ መውቀስ ነው። ትንሹንና ትልቁን፥ ቀኙን ከግራው ለይቶ መሞከር፥ ስፖንጁንም በጣት አጥብቆ ጨምቆ ካስገቡ በኋላ እስኪያብጥ በጣት ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። በደንብ የገጠመ ስፖንጅ የውጭውን ጩኸት 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ በዚህ በኩል በልክ ከተሠራው ብዙ አያንስም። መፈተኛውም ቀላል ነው። የባሱን ድምፅ በዝቅታ ከፍቶ ማዳመጫውን በጣት ወደ ውስጥ ጫን ማድረግ፤ ባሱ በድንገት ከጨመረ ቀድሞ አልገጠመም ማለት ነው። የባላገር ዘፋኝ እጁን በጆሮው ላይ ጥሎ ሲያዜም ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው፤ እርሱም የሚፈትነው ይህንኑ ነው፥ ራሱን መስማት።

ከላይ ወዳቆየነው ነገር እንመለስ። ለመምረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የድምፅ ጥራት ሳይሆን የንብረቱ ባለቤት ይመስለናል። ማዳመጫውን የሚገዛው የምሽት ቤት፥ ቴአትር ወይም የባህል ቡድን ከሆነ ዘፋኞች ይለዋወጣሉና የወሉ ይሻላል፤ እንደ ናሱ መለከት የቤቱ ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ጎማና ስፖንጁ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ መሆን አለበት፤ ያንዱ ጆሮ ቁስል ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ። በልክ አሠርቶ ለቤቱ ማስቀመጥ ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ ዘፋኙ በለቀቀ ማግስት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከቤት ወደ ቤት የሚዞር፥ በየሌሊቱ የሚሠራና በጉሮሮው የሚያድር አዝማሪ ደግሞ መሰንቆውን ለራሱ እንደሚቃኝ ማዳመጫውንም ለራሱ ቢያሠራ አያስነቅፈውም። እርሱም ቢሆን አንድ ዓመት በወሉ ቢሠራና ስፖንጁ ሁሉ እንዳልያዘለት ቢያረጋግጥ ይመረጣል፤ ከዚህ ውጭ ባልደረቦቻችን «ታዋቂዎቹ ሁሉ በልክ የተሠራ ነው የሚያደርጉት» እያሉ የሚያቀርቡትን ክርክር አልተቀበልነውም።

ለማሠራት የቆረጠ ዘፋኝ ቅርፁ ሲነሣለት አፉን ከፍቶ መቀመጥ አለበት። አፍ ተዘግቶ በተነሣ ቅርፅ የተሠራ ማዳመጫ በዝምታ ጊዜ ይገጥማል፤ ዘፈኑ ከፍ ሲልና መንጋጋ ሲወርድ ይከፈታል፥ ባሱም ያን ጊዜ ይጠፋል።