ቦኮላ

በላሊበላም ሆነ በወልድያ ጋራዥ፣ መካኒኩ የአሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕ መሪ ግራ ቀኝ ነቅንቆ «ቦኮላው አልቋል» ሲል፣ ብዙ ባለመኪና ከኩሽኔታ ጋር ያምታታዋል። ኩሽኔታ በውስጡ የሚሽከረከሩ ኳሶች አሉት። ቦኮላ ግን ባዶ ቀለበት ነው፤ ከነሐስ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከላስቲክ ተሠርቶ በዘንግና በክንድ መካከል ይገባል፤ ራሱ እያለቀ ውዱን ብረት ያተርፋል። ማለቅ ሥራው ነው።

ቃሉ እንደ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ባሌስትራ የጣሊያን ነው። እዚያ የጆሮ ጌጥንም ቦኮላ የሚሉ አሉ፤ እኛ ጋ የደረሰው ግን ግራሶ የተቀባው ብቻ ነው።

የላስታ ጠጠርና ጠመዝማዛ ቁልቁለት የመሪውን ረዳት ክንድ ቦኮላ ቶሎ ይበላዋል። መሪው ይላላል፤ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይዋልላል፤ የፊት ጎማም እኩል ባልሆነ መልኩ ያልቃል። ብሎን ማጥበቅ ያለቀውን አይመልስም፤ መቀየር ነው። የላስቲክ ቦኮላ የምታስቀይሩ ደግሞ፣ ብሎኑ በመጨረሻ ሲጠብቅ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን እዩ፤ አለዚያ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀርና መሪውን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።