የሐይቅ ዳር እግር መንገድ የማን ነው?

ዱከም የሚኖር ሰው ቅዳሜ ጠዋት እግሩን ማፍታታት ሲያምረው ምርጫው ጥቂት ነው። ዋናው አስፋልት ላይ ቢወጣ ከከባድ መኪና ጋር ይጋፋል። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ለእግረኛና ለከብት የተከለከለ ነው፤ ክልከላውም ተገቢ ነው። በስተሰሜን የረር ተራራ ይታያል፤ ነገር ግን ሙሉ ቀን የሚወስድና ጉልበት የሚፈትን ስለሆነ ሃምሳን ላለፈ ሰው በየሳምንቱ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ እኔና ሁለት እኩዮቼ ሚኒባስ ተሳፍረን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንሄድና ቢሾፍቱ ወርደን ሐይቅ ዳር እንራመዳለን። የዱከምን ሥጋ ቤቶች ለሚያውቅ አንባቢ መራመድ ለምን እንዳስፈለገን ማስረዳት የሚያሻኝ አይመስለኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከሐይቆቹ በአንዱ ዳር የምናውቀውን ጠባብ መንገድ ይዘን ስንሄድ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ገጠመን። ከተማው ገና ደብረ ዘይት በሚባልበት ዘመን የሕግ ተማሪ ሆኜ የተመላለስኩበት መንገድ ነው። አጥሩ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ውሃው ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ገብቷል። አንድ ወጣት ጥበቃ በአክብሮት ተቀበለን።

“ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ግቢ ነው። ሐይቁን ማየት ከፈለጉ በዋናው በር ዞረው፣ ከፍለው ይግቡ።”

“ሐይቁ የማን ሆነና ነው የምከፍለው?” አልኩት።

“ሐይቁማ የመንግሥት ነው። መሄጃው ነው የእኛ።”

በሥራዬ ብዙ የሕግ አስተያየቶችን አንብቤያለሁ፤ የችግሩን ቦታ እንደዚህ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ያስቀመጠልኝ ግን ጥቂት ነው። ሐይቁ የጋራ ነው፣ ሐይቁ ዘንድ የሚያደርሰው መንገድ ግን የጋራ አይደለም። ታዲያ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልሱ የሚጀምረው ከሐይቆቹ አፈጣጠር ነው። ሆራ፣ ቢሾፍቱና ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ በተፈጠረ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው። በዚህም የተነሳ ስፋታቸው ትንሽ፣ ጥልቀታቸው ግን አስደንጋጭ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የታተመ የሳይንቲስቶች ልኬት የቢሾፍቱ ሐይቅን ስፋት 0.93 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱን 87 ሜትር ያደርገዋል። ባቦጋያ 0.58 ካሬ ኪሎ ሜትርና 65 ሜትር፣ ሆራ ደግሞ 1.03 ካሬ ኪሎ ሜትርና 38 ሜትር ነው። ባቦጋያ ፍጹም ክብ ቢሆን ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ መንገድ ቢኖረው ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይዞረዋል። ነገር ግን በብዙ ቦታ በገደሉና በውሃው መካከል ያለው ለእግር የሚመች መሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ሜዳማ ዳር ባለው ሐይቅ አንድ አጥር ቢገጥምህ ዞረህ ታልፋለህ። እዚህ ግን ዙሪያውን በሙሉ ለመዝጋት ሁለት ወይም ሦስት አጥር ይበቃል።

በዚህ ጠባብ መሬት ላይ የሚመላለሰው ደግሞ እንደ እኔ ለጤናው የሚራመድ ከተሜ ብቻ አይደለም። ከብት የሚያጠጣ እረኛ አለ፤ ዓሣ አጥማጅ አለ፤ ልብስ የምታጥብ እናት አለች። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ለኢሬቻ ወደ ሆራ አርሰዲ የሚወርደው ሕዝብ ደግሞ ውሃው ዘንድ መድረስ ለብዙዎች መዝናኛ ሳይሆን የእምነትና የባህል ጉዳይ መሆኑን ያሳያል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ከተኮሱ በኋላ በተፈጠረው ግርግር ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ወድቀውና ተረጋግጠው ሞተዋል። የዚያን ቀን ተጠያቂነት የእግር መንገድ ጉዳይ አይደለም፤ ሆኖም መሸሻ የሌለው መሬት ምን ሊያስከትል እንደሚችል የቢሾፍቱ ሰው አሳምሮ ያውቃል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የአገሪቱ ውሃ የሕዝቦቿና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። እስከዚህ ድረስ ጥበቃውና እኔ አልተለያየንም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የውሃው ባለቤት መሆን በሰው ይዞታ ላይ ተራምዶ ውሃው ዘንድ የመድረስን መብት በራሱ አያስገኝም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚጠቅሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ንብረት አገልግሎት የሚደነግገውን ነው። “አባቶቻችን ሲሄዱበት ኖረዋልና መብት አለን” ይባላል። አንቀጽ 1359ን ልብ ብሎ ያነበበ ግን የንብረት አገልግሎት ማለት ለአንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ጥቅም ሲባል በሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚጣል ግዴታ መሆኑን ይረዳል። መብቱ የሚሰጠው ለመሬት ነው እንጂ ለእግረኛ አይደለም። ከሐይቁ አጠገብ መሬት ያለው ጎረቤት ሊከራከርበት ይችል ይሆናል፤ ከዱከም በሚኒባስ የመጣሁት እኔ ግን በዚህ አንቀጽ አልቆምም። እረኛውም ቢሆን አጠገቡ ይዞታ ከሌለው አይቆምም።

የሚሻለው መንገድ በዚያው ሕግ ከአንቀጽ 1444 ጀምሮ ያለው ነው። ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ የመንግሥት ንብረት፣ ከእነዚህም መካከል መንገድ፣ ከአገልግሎቱ መውጣቱ እስካልተገለጸ ድረስ ለሌላ ሊተላለፍ አይችልም፤ ማንም ሰው ለረጅም ጊዜ ስለያዘው ብቻ ባለቤት ሊሆንበት አይችልም። ይህ ጠንካራ ጋሻ ነው። ነገር ግን ጋሻው የሚሠራው መንገዱ መንገድ መሆኑ ከታወቀ ነው። ፕላን ላይ ያልሰፈረ፣ ስም የሌለው፣ ስፋቱ ያልተለካ የእግር ዱካ በመሬት አስተዳደር ባለሙያ ዓይን ባዶ መሬት ነው። ቦታው ሲሸነሸን መንገዱ አብሮ የሚሸነሸነው አንድ ክፉ ሰው ስለፈለገ ላይሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን የፈቱበት ዘዴ የተለያየ ነው። ስዊድን ከውሃው ጠርዝ 100 ሜትር ያህል መሬት በመርህ ደረጃ ግንባታ እንዳይካሄድበትና ሰው እንዲመላለስበት በሕግ ትጠብቃለች። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ አብዛኛውን መሬትና የውስጥ ውሃ ለተጓዥ ከፍታ፣ ተጓዡም በኃላፊነት እንዲሄድ፣ ባለመሬቱም በኃላፊነት እንዲያስተናግድ አድርጋለች። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ይመስለኛል። የአካባቢ አስተዳደሮች ነባር የእግር መንገዶችን አንድ በአንድ ካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ አዘዘ፤ ካርታው ላይ መስፈሩ ራሱ ለመንገዱ መኖር ማስረጃ ሆነ። ይህ ከቢሮና ከጥቂት ሠራተኞች ደመወዝ የበለጠ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

ይሁንና መንገድን የሚያጠፋው አጥር ብቻ አይደለም። ይህን የተረዳሁት ከቢሾፍቱ ሳይሆን አጥር ከሌለበት ትንሽ ደሴት ነው። በሞጆና በመቂ አልፌ ባቱ ከደረስኩ በኋላ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ተሻግሬ ነበር። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ እሱ ነው። ነዋሪዎቹ ዛዮች ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ተዳፋቱን በእርከን እያረሱና ዓሣ እያጠመዱ ኖረዋል። ከኮረብታው ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። በትውፊት እንደሚነገረው በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተጠጉት እዚያ ነው።

ከጀልባው ወርደን ዳገቱን ስንጀምር አንድ አዛውንት አብረውን ወጡ። መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ፍየልም፣ እንጨት የተሸከመች ሴትም፣ ካህንም፣ እንደ እኔ ካሜራ ያነገተ እንግዳም የሚሄደው በዚያው ነው። አዛውንቱ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ በየመሐሉ ጎንበስ ይሉና ከቦታው የተንከባለለ ድንጋይ በእግራቸው እየገፉ ይመልሳሉ፤ ውሃ የቀደደውን በጠጠር ይደፍናሉ። እንዲህ እያደረጉ አራት ወይም አምስት ጊዜ ቆሙ።

“አባቴ፣ ይህን ለመሥራት የሚከፍልዎ አለ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሳቁብኝ። “ነገ የምወርድበት እኔ አይደለሁ እንዴ ልጄ?”

እንግዲህ መንገድ በዚህ ዓይነት ነው የሚኖረው፤ ነገም የሚወርድበት ሰው ሲኖረው። እኔን የመሰለው እንግዳ ግን ነገ አይወርድም። ጫማዬ ያላላውን ድንጋይ ሌላ ሰው ይመልሰዋል። በዚያ ቀን ለጀልባ ከፍያለሁ፣ ለምግብ ከፍያለሁ፤ ለመንገዱ የከፈልኩት ነገር የለም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ዛዮች ከደሴቶቹ እየወጡ በሐይቁ ዳርቻ መስፈር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። የቀረው ሰው በቀነሰ ቁጥር ድንጋይ የሚመልሰው እግርም ይቀንሳል።

የመንገድ ዋና ጠላት ውሃ ነው። ሰው በተፈጥሮው አቋራጭ ይወዳልና ዳገትን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የክረምት ጎርፍም ያንኑ ቀጥታ መስመር ተከትሎ ይወርዳል። በሁለትና በሦስት ክረምት መንገዱ ቦይ ይሆናል። ተጓዡ ቦዩን ሸሽቶ ከጎኑ ይሄዳል፣ ሣሩ ይሞታል፣ ሌላ ቦይ ይከፈታል። በቢሾፍቱ ዙሪያ እንዳለው ልቅ የእሳተ ገሞራ አመድና ጠጠር ላይ ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። መድኃኒቱ በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ነው። መንገዱ ተዳፋቱን አግድም እየቆረጠ እንዲወጣ ማድረግ፣ ቁልቁለቱም ከተዳፋቱ ከራሱ ቁልቁለት ከግማሽ በላይ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። መሬቱን ወደ ታችኛው ወገን በጥቂቱ ማዘንበል ውሃው ሳይጠራቀም እንዲሻገር ያደርጋል። በየተወሰነው ርቀት ድንጋይ በሰያፍ ቀብሮ ጎርፉን ከመንገዱ ማስወጣት ደግሞ እርከን የሠራ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ሙያ ነው። መሐንዲስ መቅጠር ሳያስፈልግ አካፋ፣ ዶማና በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ሁለት ቅዳሜ ይበቃሉ።

አብሮ መጠቀምም የራሱ ሥርዓት አለው። ለተጫነ እንስሳ ሰው ይለቃል፤ ለሚወጣ የሚወርድ ይለቃል፤ ብስክሌት ለሁሉም ይለቃል። ፈረስ ሲመጣ ከበላዩ ሳይሆን ከታችኛው ወገን ቆሞ ማሳለፍ ይሻላል፤ ፈረስ ከላይ የሚመጣበትን ነገር ይፈራል። ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ተለይቶ በድንጋይ ቢነጠፍ ዳሩ በሙሉ ከመረገጥ ይድናል። ወንጪ ላይ በፈረስ የሚያጓጉዙ የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው እንግዳ ማስተናገድ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ መንደሩም በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ከመንገዱ እንጀራ የሚበላ ሰው መንገዱን እንዲጠብቅ ማድረግ ከደሴቱ አዛውንት አመክንዮ የተለየ አይደለም።

ባለሀብቶችም ቅሬታ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ከፊሉም እውነት ነው። ቆሻሻ ይጣልባቸዋል፣ ሌሊት የማያውቁት ሰው ይገባባቸዋል። ዋናው ፍርሃታቸው ግን አንድ ልጅ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንከሰሳለን የሚለው ነው። ውሃው ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ጥልቅ ስለሚሆን ፍርሃቱን አላናንቅም። ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 ኃላፊነትን የሚያስከትለው በጥፋት ለደረሰ ጉዳት ነው፤ ሰው እንዲያልፍ መፍቀድ ብቻውን ጥፋት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ማቆምና አደገኛውን ቦታ በዝቅተኛ ግንብ መከለል ውሃ ውስጥ ቆርቆሮ ከመትከል ይረክሳል። የከተማው አስተዳደርም ከእንግዲህ በሚሰጠው የሊዝ ውል ውስጥ ሦስት ሜትር የሕዝብ መተላለፊያ በሐይቁ ጠርዝ ይተው የሚል አንድ አንቀጽ ቢያስገባ ማንም የሚነጠቀው ነገር አይኖርም፤ ተጫራቹ አውቆ ይገባበታል። ቀድሞ የተሰጠው ይዞታ ግን በድርድር ወይም በካሳ እንጂ በዘመቻ የሚፈታ አይደለም። አጥር ማፍረስ ለቴሌቪዥን ያምራል፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን አያምርም።

የጥገናውን ሥራ ለማን እንስጠው ቢባል እኔ ዕድር እላለሁ። ጓደኞቼ ሲስቁብኝ ነበር። ነገር ግን መዝገብ ያለው፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ቀሪ የሚቀጣ፣ አካፋና ዶማ በመጋዘኑ ያስቀመጠ ሌላ የሰፈር ድርጅት ካለ ይንገሩኝ።

ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ሦስታችን ስልካችንን ይዘን ከመንገዱ መነሻ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ያለውን መዝግበናል። ሁለት ሺህ አንድ መቶ እርምጃ ነው፤ ውሃ የቦረቦረው ስድስት ቦታ ላይ፣ ከብት የሚወርድበት ሁለት ቦታ ላይ። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ለመለካት ለግቢው ባለቤት የፈቃድ ደብዳቤ ጽፈን ለዚያው ወጣት ጥበቃ ሰጥተነዋል። ለአለቃው እንደሚያደርስልን ነግሮናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።