ስለ ነጭ ሽንኩርት መንቀያ ጊዜ፤ ከደጋው ገዳም እስከ ኾባር

ማኅበራችን የተመሠረተበትን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ፥ ሊቃውንት አባቶች ስለ ጉባኤ ቤቱ፥ ስለ ሕንጻውና ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ ታሪክ በሰፊው ጽፈዋል። ለእኔ የደረሰኝ ድርሻ የአትክልቱ ቦታ ነው። ከረድእነት ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ የሠራሁበት ስለሆነ ትእዛዙን በደስታ ተቀብያለሁ። ስለ ጐመኑም ስለ ጌሾውም ብጽፍ በተቻለ ነበር፤ ነገር ግን ምእመናን ከሁሉ አብልጠው የሚጠይቁኝ ስለ ነጭ ሽንኩርት ስለሆነ፥ እርሱ መቼና እንዴት እንደሚነቀል፥ ይህም ዕውቀት ከማን ወደ ማን እንደ ወረደ ለመጻፍ ወሰንሁ።

ነጭ ሽንኩርት በሰው እጅ መታረስ የጀመረው በመካከለኛው እስያ ተራሮች አካባቢ እንደ ሆነ የዕፀዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። ከዚያ ተነሥቶ በጥንት ዘመን ወደ ምዕራብ ዘለቀ። ከ3,300 ዓመት ገደማ በፊት በሞተው በግብጹ ንጉሥ በቱታንክአሙን መቃብር ውስጥ፥ በ1915 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1922) በተከፈተ ጊዜ፥ የነጭ ሽንኩርት ራሶች ተገኝተዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሄሮዶቱስም፥ ትልቁን ፒራሚድ ለሠሩት ሰዎች ቀለብ ለፍጅል፥ ለቀይና ለነጭ ሽንኩርት የወጣው ገንዘብ 1,600 መክሊት ብር እንደ ሆነ አስተርጓሚው የነገረውን ጽፏል። እስራኤልም በምድረ በዳ ሳሉ ስለ ግብጽ ሲያስቡ ከናፈቋቸው ምግቦች አንዱ ነጭ ሽንኩርት እንደ ነበረ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 11 ተጽፎ ይገኛል። ሰው ከአገሩ ሲርቅ የሚናፍቀው ትልቁን ነገር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሚታረሰው ነጭ ሽንኩርት እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ በዘር አይራባም፤ የሚተከለው ራሱ የሚከፋፈልበት ፍልቃቂ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው ተክል የአምናው ተክል አካል ነው፤ የአምናውም የካቻምናው። በገዳማችን ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር እንደ ቆየው፥ በአትክልት ቦታችን ያለው ነጭ ሽንኩርት መሥራቾቹ አባቶች በአገልግል ይዘውት የመጡት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ዛሬ በማዕዳችን የሚቀርበው እነርሱ በእጃቸው የዳሰሱት ያው ተክል ነው ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ፥ አዝመራውን ያለ ጊዜው የነቀለ ሰው የአንድ ዓመት ወጥ ብቻ አያጐድልም፤ ለዘር የሚቀመጠው ከበሰበሰ የመቶ ዓመቱ ሐረግ በአንድ ክረምት ይቆረጣል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በሁለት ጥፋት ነው። በደጋው አገራችን ነጭ ሽንኩርት በሰኔ ዝናም ተተክሎ፥ ከአራት እስከ አምስት ወር ቆይቶ በጥቅምትና በኅዳር ይነቀላል። በገዳማችን የነበረው ልማድ ኅዳር ሚካኤል በዋለ ማግስት መንቀል ነው። በ1975 ዓ.ም. የተከላው ሥራ በእኔ ስንፍና አንድ ወር ያህል ዘገየ። የመንቀያው ቀን ሲደርስ ግን ልማዱን እንዳልሽር ፈርቼ በዚያው ቀን ነቀልሁት። ራሱ ገና አልሞላም፤ ፍልቃቂውም በቅጡ አልተለየም ነበር። ከተሰቀለም በኋላ ተጨማድዶ ቀረ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ያንን ስሕተት አርማለሁ ብዬ፥ እንደ ቀይ ሽንኩርት ቅጠሉ ሁሉ ወድቆ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። በቈፈርሁት ጊዜ ገለፈቱ በመሬት ውስጥ በስብሶ፥ ፍልቃቂው ተበታትኖ፥ አፈር በመካከሉ ገብቶ አገኘሁት። ያ አዝመራ እስከ ዐቢይ ጾም እኩሌታ እንኳ አልቆየም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ማኅበር፥ የሽሮው ማጣፈጫ በዐቢይ ጾም ማለቁ ምን ማለት እንደ ሆነ የማእድ ቤት ሰው ያውቀዋል።

የአትክልቱ ቦታ ኀላፊ የነበሩት አረጋዊ አባት አልተቈጡኝም። አንድ ያልተነቀለ ተክል በእጃቸው ይዘው፥ «ልጄ፥ ቀኑ ምስክር ነው፤ ዳኛው ግን ቅጠሉ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ምክንያቱን አሳዩኝ። የነጭ ሽንኩርት ቅጠል እያንዳንዱ ወደ ታች ወርዶ ራሱን እንደ ልብስ ይጠቀልላል። ከላይ አንድ ቅጠል ሲደርቅ ከታች አንዱ ልብስ መሳሳት ይጀምራል። ስለዚህ ቅጠሉን የቈጠረ ሰው፥ አፈሩን ሳይገልጥ ራሱ ስንት ልብስ እንደ ቀረው ያውቃል። ከታች ሦስት ወይም አራት ቅጠል ደርቆ፥ ከላይ አምስት ወይም ስድስት ለምለም ሲቀር ጊዜው ደርሷል። ቀይ ሽንኩርት አንገቱ ሲወድቅ ይነቀላል፤ ነጭ ሽንኩርት ግን ገና ቆሞ ሳለ ነው።

ይህን ማለቴ በበዓላት ቀን የተቈጠረውን የአባቶችን ልማድ ለመንቀፍ አይደለም። መጽሐፍ ለማያነብ ገበሬ የሚካኤልና የማርያም ቀን የማይጠፋ ማስታወሻ ነበር። ነገር ግን ያ ቀን የተቈረጠው ለአንድ ደጋ፥ ለአንድ ክረምትና ለአንድ የተከላ ጊዜ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲለወጥ ቀኑ ብቻውን አያድንም። ለዚህም ከሁሉ የሚበልጠውን ማስረጃ ያገኘሁት ከአገራችን ሳይሆን ከኾባር ነው።

ኾባር በሳውዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል፥ በደማም አጠገብ፥ በባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ቀድሞ ዓሣና ዕንቍ የሚያወጡ ሰዎች የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ነበረች። በ1930 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1938) በአቅራቢያዋ ደማም ቍጥር 7 ከተባለው ጕድጓድ የምድር ዘይት በብዛት ከወጣ በኋላ ከተማ ሆነች። ከዘመዶቻችንም ብዙዎች በየቤቱ ለማገልገል ወደዚያ አገር ሄደው ይኖራሉ። ከእነርሱም አንዲት ምእመን፥ ዘመዶቿ በገዳማችን አጠገብ የሚኖሩ፥ ከዓመታት በፊት በስልክ፥ «አባ፥ በምሠራበት ቤት ግቢ ትንሽ መሬት ፈቅደውልኝ ነጭ ሽንኩርት ብተክል ሁለት ዓመት ጠፋብኝ፤ ምን ላድርግ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ነገሩን ስትዘረዝርልኝ የእኔን ጥፋት ከእርስዋ አንደበት የሰማሁት መሰለኝ። በመጀመሪያው ዓመት እንደ አገሯ ልማድ በሰኔ ተከለች። በኾባር ግን ሰኔ ክረምት አይደለም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የተከለችው በአሸዋው ውስጥ ተቃጥሎ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ትውልዳቸው ከአል-አሕሳ የሆነ የቤቱ አሮጊት፥ አትክልት በዚያ አገር የሚተከለው ብርዱ ሲገባ መሆኑን ነገሯት። አል-አሕሳ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ የተምር ዛፍ ያለበት፥ በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፥ በምንጭ ውኃ የለማ ጥንታዊ የእርሻ ቦታ ነውና አሮጊቷ የሚናገሩትን ያውቃሉ። ልጅቱም በኅዳር ተክላ መልካም አበቀለች። ነገር ግን ቅጠሉ ሁሉ እስኪወድቅ ብላ እስከ ግንቦት ስለ ጠበቀች፥ እንደ እኔው የተበታተነ ፍልቃቂ ሰበሰበች።

እኔም፥ «ልጄ፥ የኾባርን ወር እኔ አላውቀውም፤ ቅጠሉን ግን ቍጠሪ» አልኋትና አረጋዊው አባት ያስተማሩኝን ነገርኋት። ደግሞም ነጭ ሽንኩርት ራስ እንዲያበጅና በፍልቃቂ እንዲከፈል ብርድ እንደሚያስፈልገው፥ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድና ሙቀት ሲጨምር ራሱ እንደሚሞላ አስረዳኋት። በደጋችን የሌሊቱ ቍር ይህን ያለ ዋጋ ይሰጠናል፤ የቀኑም ርዝመት ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም። በኾባር በሰኔ ቀኑ ወደ 14 ሰዓት ይጠጋል፤ የጥር ብርዱ ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ለተከላ ያሰበችውን ነጭ ሽንኩርት በመስከረምና በጥቅምት ለስድስት ሳምንት ያህል በማቀዝቀዣ ውስጥ አኖረችው። ጨው ያለበት ውኃ ይህን ተክል ስለሚጐዳ የጕድጓዱን ውኃ ትታ ከባሕር ተጣርቶ ጨው የወጣለትን አጠጣችው። በመጋቢት መጨረሻ ከታች ሦስት ቅጠል ደረቀ፤ በሚያዝያም መጀመሪያ ነቀለችው። እኛ በኅዳር፥ እርስዋ በሚያዝያ፤ ወራቱ በአምስት ወር ይለያያሉ፤ ምልክቱ ግን አንድ ነው።

ለምእመናን ጥቅም የአነቃቀሉን ሥርዐት በአጭሩ እጽፋለሁ። በመጀመሪያ፥ የታችኛው ቅጠል መድረቅ ሲጀምር፥ ከመንቀል ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ውኃ ማጠጣት ይቁም፤ በእርጥብ መሬት የቆየ ገለፈት ይበሰብሳልና። ሁለተኛ፥ ሁሉን ከመንቀል በፊት ከመደቡ ልዩ ልዩ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ተክል ተነቅሎ በአግድም ይቈረጥ። ፍልቃቂው ልባሱን ሞልቶ ከተገኘ ደርሷል፤ ክፍተት ቢኖር ወይም ገለፈቱ ገና ወፍራምና ርጥብ ቢሆን አንድ ሳምንት ይቆይና ደግሞ ይታይ። ሦስተኛ፥ ቅጠሉን ይዞ መጐተት አይገባም፤ አንገቱ ይበጠሳልና። በዶማ ወይም በመኮትኮቻ ከራሱ ራቅ ብሎ አፈሩን ከሥር ማላላት፥ ከዚያም በእጅ ማንሣት ነው። አራተኛ፥ አይወርወር፥ አይረገጥ፥ በውኃም አይታጠብ፤ የቈሰለ ሁሉ አስቀድሞ ይበላ እንጂ አይቀመጥ።

ከተነቀለም በኋላ ከነቅጠሉና ከነሥሩ እየታሰረ፥ ፀሓይ በማይመታውና ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይሰቀል። ኀይለኛ ፀሓይ ራሱን ያበስለዋል። በኾባርም የባሕሩ አየር እርጥበት ስላለው፥ ምእመኗ እንደ ነገረችኝ፥ ሁለት ጊዜ ቦታ መለወጥ አስፈልጓታል። አንገቱ ፈጽሞ ደርቆ ገለፈቱ ሲዳሰስ የወረቀት ድምፅ ሲሰጥ፥ ያን ጊዜ ግንዱ ሁለት ጣት ያህል ተትቶለት ይቈረጣል። ለዘር የሚቀመጠው ትልቁና ጤነኛው ራስ ነው፤ ትንሹን ለዘር አስቀምጦ ትልቁን የሚበላ ቤት አዝመራው ከዓመት ዓመት እያነሰ ይሄዳል።

ስለ ዘር ካነሣሁ ዘንድ አንድ የሐዘን ነገር እጨምራለሁ። በ2001 ዓ.ም. ከገበያ የተገዛ ዘር በስተ ምሥራቅ ባለው መደብ ተከልን። በመንቀያው ጊዜ ሥሩ ነጭ ሻጋታ ለብሶ፥ በላዩም እንደ ሰናፍጭ ያነሱ ጥቋቍር ፍሬዎች ተበትነው አየን። ይህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ያሉትንም ገበሬዎች ያስቸገረ ሥር አበስባሽ በሽታ ነው። እነዚያ ጥቋቍር ፍሬዎች ነጭ ሽንኩርት ባይተከልም እንኳ በአፈር ውስጥ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። መደቡ እስከ ዛሬ ለቀይም ለነጭም ሽንኩርት ዝግ ነው፤ ባቄላ ብቻ እንዘራበታለን። የመሥራቾቹ ዘር የተረፈው በሌላው ዳርቻ ስለ ነበረ ብቻ ነው። አዲስ ዘር የሚያስፈልገው ቢኖር ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማእከል የወጡትን እንደ ጸደይ 92ና ቢሾፍቱ ነጭ ያሉትን ከታመነ ቦታ ይፈልግ።

ያች ምእመን ባለፈው ዓመት ለክብረ በዓል በመጣች ጊዜ፥ በኾባር ካበቀለችው አንድ ራስ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ገለፈቱ ያልተቀደደ፥ ፍልቃቂው የተጠጋጋ፥ ማለፊያ ራስ ነበር። «አባ፥ ከአባቶች ነጭ ሽንኩርት አጠገብ ይተከልልኝ» አለችኝ። እኔም ዝም አልሁ፤ ከሩቅ የመጣ ዘር ምን ይዞ እንደሚመጣ ምሥራቃዊው መደብ አስተምሮኛልና። ነገሩን በገለጥሁላት ጊዜ ዐይኗ እንባ ሞላ፤ በኋላ ግን ራሷን ነቅንቃ፥ «እንግዲያስ ይቀመጥ» አለች።

አልተከልሁትም፤ አልበላሁትምም። በዕቃ ቤቱ አግዳሚ ላይ፥ ከእኛው እስሮች ራቅ ብሎ ተሰቅሎ ይገኛል። ወጣት ረድኦች ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ ወስጄ አሳያቸዋለሁ፤ የቀሩትንም ልባሶች አስቈጥራቸዋለሁ። ከዚያም መኮትኮቻቸውን አስይዤ ወደ መደቡ እልካቸዋለሁ።